በጽኑ ሕመም ውስጥ መንፈሳዊ ትምህርትን እንዴት እንፈልግ?

ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ለካንሰር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ የሚጓዝ፣ ወይም በሳምንት ሦስት ቀን ለአራት ሰዓት ያህል ከኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር ተያይዞ የሚቆይ ክርስቲያን፣ ውሎ አድሮ «እግዚአብሔር በዚህ ሕመም ምን ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱን በችኮላ ከሌላ ሰው አፍ መቀበል ብዙ ሕሙማንን ከበሽታው ባልተናነሰ ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሕመምተኛው ራሱ፣ በጸሎትና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ ሆኖ፣ ሕክምናውን ሳያቋርጥ ትምህርቱን እንዴት ሊፈልግ እንደሚችል ያመለክታል።

አስቀድመው ከልብዎ ሊያወጡት የሚገባ አንድ ሐሳብ አለ፤ እርሱም «ይህ የማን ኃጢአት ነው?» የሚለው ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታችንም እርሱም ወላጆቹም አለመበደላቸውን፣ የእግዚአብሔር ሥራ ይገለጥበት ዘንድ መሆኑን ነግሯቸዋል። ራስን መመርመርና ንስሐ መግባት ለጤነኛውም ለሕመምተኛውም ዘወትር የሚገባ ሥራ ነው፤ ነቀርሳን ወይም የኩላሊት ድካምን እንደ ፍርድ ወረቀት ማንበብ ግን ከወንጌሉ ጋር አይስማማም። ጎረቤት በሹክሹክታ የሚያወራውንም በዚሁ መዝነው ይተዉት።

ቀጥሎ የሚመጣው የመድኃኒትና የጸበል ጉዳይ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት፤ ያም ሆኖ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒት እንዲከበር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወይም በአካባቢዎ ወዳለ ጸበል ሲወጡ መድኃኒትዎን ይዘው ይውጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስም ይዋጡ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ስለሚለማመድ፣ ኋላ ልመለስ ቢሉ የቀድሞው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ በቀን የሚጠጡት ፈሳሽ የተወሰነ ነው፤ ትርፉ ተጠራቅሞ እግርን ያሳብጣል፣ ትንፋሽን ያሳጥራል። በጸበል ቦታ ብዙ መጠጣት የተለመደ በመሆኑ ሁኔታዎን ለአጥማቂው አባት አስቀድመው ያስረዱ፤ በሲኒ ተለክቶ የሚጠጣ ጸበልም በረከቱ ሙሉ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲያዘገይ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ ስለ ጾም ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። ለሕመምተኛ ጾምን ማላላት በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነገር ስለሆነ የሚያሳፍር አይደለም።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ጸሎትዎ እውነተኛ ይሁን። ብዙ ሰው በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ ለእግዚአብሔር እንኳ የሚያምር ቃል ሊመርጥ ይሞክራል፤ መዝሙረ ዳዊት ግን እንዲህ አላስተማረንም። ስድስተኛው መዝሙር አልጋው በእንባ የራሰ ሰው ጸሎት ነው፤ በእኛ ዳዊት 87ኛው ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማን ይናገራል፤ ይህም ጸሎት ተብሎ በቅዱስ መጽሐፍ ተጽፏል። ሕመሙ በበረታበት ሌሊት አንድ መዝሙር ብቻ ያንብቡ። ዓይንዎ ከደከመ ልጅዎ ወይም አስታማሚዎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎ፤ ያም ካልተቻለ «አቤቱ ማረኝ» ማለት ይበቃል። ቁጣ ካለብዎ ቁጣውን ይናገሩ፤ ኢዮብም ተናግሯል።

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ተገልጦ አይመጣም፤ ስለዚህ በደብተር መያዙ ይረዳል። በገላን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት እጥበት በሚያደርጉበት ቀን ሁሉ መርፌ ያለበትን ክንዳቸውን ዘርግተው፣ በሌላው እጃቸው በልጃቸው የትምህርት ቤት ደብተር ላይ በዚያ ቀን የረዳቸውን ሰው ይጽፉ ነበር፦ የፊቱን ወንበር የያዘላቸውን የታክሲ ረዳት፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣችላቸውን ጎረቤት፣ የደም ግፊታቸው ሲወርድ እግራቸውን ከፍ አድርጋ የያዘችውን ነርስ። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላው ሲያበስሉና ሲያስታምሙ የኖሩ ናቸው፤ ደብተሩን መልሰው ሲያነቡት ስማቸውን እንኳ ጠይቀዋቸው የማያውቁ ሰዎች ሞልተውበት አገኙ። ለእኚህ እናት የተገለጠላቸው ትምህርት እርዳታን ያለ ኀፍረት መቀበል፣ ለእነዚያም ሰዎች በስማቸው መጸለይ ሆነ። የእርስዎ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ በውርስ የተነሣ ከተኳረፈው ወንድሙ ጋር መታረቅ፣ ለሌላው ሥራውን ከልክ በላይ ማምለኩን ማስተዋል ይሆናል። በደብተሩ ላይ ተደጋግሞ የሚመጣውን ነገር ለንስሐ አባትዎ ያሳዩና በንስሐ፣ አቅምዎ በፈቀደ ጊዜም በሥጋ ወደሙ ያጽኑት።

ጸሎተ ቀንዲልን ለመጨረሻው ሰዓት አያቆዩት። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው ካህናትን ጠርቶ በዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዘዘው ለዚያች ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ ጸሎቱን ለመከታተል አቅም እያለ ማስደረግ የተሻለ ነው።

ፈውስ ቢዘገይ ወይም ባይመጣ «እምነትሽ ቢጎድል ነው» የሚልዎት ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን አይቀበሉ። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። የሐዋርያውን እምነት በዚህ የሚለካ የለም።

ለጠያቂዎችም የምለው አለኝ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ጥፋታቸው የጀመረው ሲያብራሩ ነው። ስለዚህ የሕመሙን ምክንያትም ትምህርቱንም ለሕመምተኛው አትንገሩት። ሙዝና ብርቱካን ይዞ መሄድ ልማዳችን ቢሆንም፣ በውስጣቸው ያለው ፖታሺየም ለኩላሊት ሕመምተኛ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ቤተሰቡን ጠይቁ። በካርድ ክፍል ሰልፍ ለመያዝ፣ ልብስ ለማጠብ ወይም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ቀኑን ቆርጣችሁ ንገሩት። ከመነሣታችሁም በፊት መዝሙር ይነበብለት እንደሆነ ጠይቁት፤ ዛሬ አልፈልግም ካለም እንዳለው አድርጉ።