የፈተና ጥያቄ ይዞ ወደ አስጠኚ እንዴት ይኬዳል?

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ አስጠኚ ይፈለጋል። አስጠኚው ጥያቄ እየሠራ የሚያሳይ ብቻ ከሆነ ግን ክፍያው ባከነ። ሌላ ሰው ሲሠራ ያየ ሁሉ የገባው ይመስለዋል።

መጀመሪያ አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና መልሱን ሳታዩ በተፈቀደው ሰዓት ሥሩ። እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ጥያቄ ጎን ምልክት አድርጉ። አራት ምርጫ ካለው ጥያቄ በግምት ብቻ ከ4 አንዱ ይገኛልና፣ ምልክት ያለበትን ትክክል ቢሆንም ከተሳሳታችሁት ጋር ቁጠሩት።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ገጽ ስጡና የራሳችሁን ስሌት ከነስህተቱ ጻፉ። «አልገባኝም» ለአስጠኚ ምንም አይነግረውም። ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ በ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ቢጨርሰው፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ነው። 130ን ለ2.3 አካፍሎ 56.5 ያለ ተማሪ ፊዚክስ አልከበደውም፤ 30 ደቂቃ ግማሽ ሰዓት መሆኑን ነው የዘነጋው። ስሌቱን ካላሳየ አስጠኚው ስለ ፍጥነት ከሀ እስከ ፐ ሲያስረዳው ይውላል።

ስህተቱ እንደ ትምህርቱ ይለያያል። ኬሚስትሪ ላይ 4 ግራም ሃይድሮጅን ጋዝ 2 ሞል ነው፤ 4 ሞል ያለው ተማሪ ጋዙ ባለ ሁለት አቶም መሆኑን ረስቷል። ታሪክ ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ያሳስታል። የአድዋን ድል 1888 ብሎ በቃሉ የያዘ ተማሪ በእንግሊዝኛው ፈተና 1896ን አይቶ ያልፈዋል። የውጫሌ ውልም እንዲሁ 1881 እና 1889 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ መያዝ ይሻላል። ባዮሎጂ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የእንግሊዝኛ ቃሉ ነው፤ ለዚያ መዝገበ ቃላት ይበቃል፣ አስጠኚ አያስፈልግም።

አስጠኚ ስትመርጡ መልሱን የምታውቁትን አንድ ጥያቄ ስጡት። «አንተስ እንዴት ሠራኸው?» ብሎ ከጀመረ ያዙት። ወዲያው እስክሪብቶ አንስቶ መሥራት ከጀመረ ሌላ ፈልጉ። ሁሉንም ትምህርት አስጠናለሁ የሚልም ያጠራጥራል፤ ሒሳብና ፊዚክስ ለአንዱ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ለሌላው ይሁን። ከዚያ በፊት ግን የትምህርት ቤታችሁን መምህር በእረፍት ሰዓት ጠይቁ፤ ለአንድ ሁለት ጥያቄ ክፍያ ላያስፈልግ ይችላል።

በአንድ ሰዓት ተኩል ከ5 ወይም 6 ጥያቄ በላይ አትያዙ። ተሰብስባችሁ የምትማሩ ከሆነ ከ4 አትብለጡ፤ ሲበዛ ዝም የሚለው ተማሪ ይረሳል። የመጨረሻውን 15 ደቂቃ አስጠኚው ቁጥሩን ቀይሮ ይስጣችሁና ዝም ብሎ ይያችሁ። ያኔ ካቃታችሁ ጥያቄው ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

አስጠኚው ሩቅ ከሆነ በቴሌግራም ስትልኩ ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሱ። ምርጫዎቹ፣ ሥዕሉና የራሳችሁ ሙከራ አብረው ይታዩ። በየቻናሉ የሚለቀቁ መልሶች ስህተት አያጣቸውምና፣ አስጠኚውና መልሱ ካልተስማሙ የመማሪያ መጽሐፉን ገልጣችሁ ገጹን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከ3 ቀን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደብተር ሳትገልጡ እንደገና ሥሩ፤ የቆማችሁበት ቦታ የቀድሞው ከሆነ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጉት።