የጥበቃ ዕቅድን ከዝርያዎች ሚና መጀመር፦ የባሌ ተራሮች ምሳሌ

የጥበቃ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ብርቅዬ እንስሳትን በመዘርዘርና በመቁጠር ነው። ቆጠራው አስፈላጊ ቢሆንም ከቁጥሩ ጎን ሁለት ነገሮች መመዝገብ አለባቸው፦ ዝርያው በአካባቢው የሚያከናውነው ተግባር፣ እንዲሁም ቢጠፋ ተግባሩን የሚሸፍን ሌላ ዝርያ መኖር አለመኖሩ።

በባሌ የሳነቴን አምባ እንውሰድ። ለፍልፈል ብሎ እዚያ የሚወጣ ጎብኚ ብዙም የለም፤ ሁሉም የሚፈልገው ቀይ ቀበሮን ነው። ዕቅድ አውጪው ግን አስቀድሞ መመልከት ያለበት ከባሌ በስተቀር የትም የማይገኘውን ግዙፉን ፍልፈል ነው። እስከ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ይህ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ብሎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይሰበስብና ወደ ውስጥ ይዞ ከገባ በኋላ ቀዳዳውን በአፈር ይደፍናል። ሲቆፍር የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ስለሚያወጣ በቦታው የሚበቅለውን የዕፅዋት ዓይነት ይለውጣል፤ ራሱም ለቀበሮው ዋና ምግብ ነው። በአምባው ያሉት የአይጥ ዝርያዎች ቀበሮውን በመመገብ ረገድ በከፊል ሊያግዙ ቢችሉም፣ በዚህ መጠን አፈር የሚገለብጥ ሌላ እንስሳ ስለሌለ ፍልፈሉ በመዝገቡ ላይ ተተኪ የሌለው ተብሎ መያዝ ይገባዋል።

ካርታው ሲሠራም ቀበሮው የታየባቸውን ነጥቦች ብቻ ማገናኘት አይበቃም፤ ፍልፈሉ የሚቆፍርባቸው ጥልቅ አፈር ያላቸው ሜዳዎች ከጥብቁ ክልል ውስጥ መግባት አለባቸው። የአካባቢው እረኞች እነዚህን ሜዳዎች ስለሚያውቋቸው ካርታው ከመጽደቁ በፊት አብረው ቢያዩት ብዙ ስህተት ይቀራል።

ቀጥሎ ስጋቱን ከየሚናው ጋር ማዛመድ ነው። ልቅ ግጦሽ የሚሻማው የፍልፈሉን ሣር ስለሆነ መፍትሔው ከአርብቶ አደሩ ጋር በሚደረግ የግጦሽ ስምምነት ይገኛል። ቀበሮውን በቀጥታ የሚገድለው ግን ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው በባሌ ተራሮች በሚገኘው በወይብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል። ለዚህ የሚያስፈልገው ክትባት ነው፤ የሣሩ መትረፍ ብቻውን አያድናቸውም።

ለክትትል በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅትና በተመሳሳይ መስመር ላይ አዳዲስ የፍልፈል የአፈር ቁልሎችን ቆጥሮ ከቀበሮው ቁጥር ጋር ማነጻጸር ይመከራል። ቁልሎቹ ቀድመው ከቀነሱ ምርመራው ከግጦሹ ይጀመር፤ ቁልሎቹ ሳይቀንሱ ቀበሮው ከቀነሰ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በሽታ ነው።