የድሮ የባላባት ቤት ውስጥ የነበረን የሴቶች ትምህርት ቤት ታሪክ እንዴት እንፈልግ

ቤቱ ሌላ ትምህርት ቤቱ ሌላ ነው፣ ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ። ሁለት ወረቀት አዘጋጁና አንዱ ላይ የቤቱን ሌላው ላይ የትምህርት ቤቱን ዓመታት ብቻ ፃፉ፣ ታሪኩን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ለኛም ቅርብ ስለሆነ ነው የመረጥኩት፣ እንግሊዝ አገር የነበረው ክላረንደን የሚባለው የሴቶች ትምህርት ቤት፣ የጃንሆይ የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታ የተማሩበት። ብዙ ቦታ ሰሜን ዌልስ አበርጌሌ ተማሩ ተብሎ ተፅፏል፣ አበርጌሌ አጠገብ ያለው ደግሞ ኪንሜል ሆል ነው፣ በፈረንጅ በ1870ዎቹ አርክቴክት ኔስፊልድ የሰራው፣ ሀብቱ ከመዳብ ማዕድን ለመጣ ቤተሰብ፣ ቤት ከምትሉት ቤተ መንግስት ብትሉት ይቀላል። ታዲያ ሰው ሁለቱን ያገናኝና ልዕልት አይዳ በስደት ጊዜ እዛ ግቢ አደጉ ብሎ ይፅፋል።

አሁን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ትምህርት ቤቱ በ1898 ማልቨርን ከተማ ተከፈተ፣ ኪንሜል የገባው በ1948 ነው። ቤቱ በጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታል ነበር። ስደቱ ከ1936 እስከ 1941፣ በኛ ከ1928 እስከ 1933 (ካላንደሩን እባካችሁ አትቀላቅሉ)። ስለዚህ በስደቱ ዘመን ትምህርት ቤቱ ማልቨርን ነው፣ አለቀ። በ1975 ኪንሜል ተቃጠለ፣ ትምህርት ቤቱም ቤድፎርድሺር ሄይንስ ፓርክ የሚባል ሌላ የባላባት ቤት ገባ፣ ቤቱ ግን ዌልስ ቀረ፣ የሱ ታሪክ አልቆመም።

ለቤቱ የቅርስ መዝገብ እዩ፣ ዌልስ ውስጥ ካዱ የሚባለው መስሪያ ቤት ነው የሚይዘው፣ ኪንሜል አንደኛ ደረጃ ላይ ነው የተመዘገበው። 365 መስኮት አለው ይባላል፣ እራሳችሁ ካልቆጠራችሁ "ይባላል" የምትለዋን ቃል እንዳትተዉ።

ለትምህርት ቤቱ ደግሞ የድሮ ተማሪዎች ናቸው ዋናዎቹ፣ ጊዜ አትስጡት፣ እድሜያቸው እየገፋ ነው። ስትጠይቁ "ትምህርት ቤቱ እንዴት ነበር" ካላችሁ ጥሩ ነበር ብለው ዝም ነው፣ ይልቅ የቤቱን ፕላን ይዛችሁ ሂዱና የቱ ክፍል ነበር የምትተኙት፣ ምግብ የት ነበር የምትበሉት፣ የትኛው መወጣጫ ደረጃ ነበር ለተማሪ የተከለከለው በሏቸው፣ መልሱን እዛው ፕላኑ ላይ በእርሳስ ፃፉት።