ዱካክ ሲጫንህ፦ ከአንድ የጅማ ልብስ ሰፊ

የዒድ ልብስ ለማድረስ ሦስት ሌሊት ጉንጬን በጫት ወጥሬ ሰፋሁ። በአራተኛው ሱቁን ዘጋሁ፣ ጫቱንም ተውኩ፣ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ሊነጋጋ ሲል ዓይኔ ተከፈተ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል፣ ማሽኔም ጥግ ላይ ይታየኛል፤ እጄ ግን የኔ አይደለም። ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል። በሩ ጋ ሰው ቆሟል። ልጮህ ብል ድምፅ የለም።

ለእናቴ ስነግራት ብዙ አላወራችም። የራሴን ትልቁን መቀስ አንስታ ትራሴ ስር ከተተችው። «ዱካክ ብረት ይፈራል» አለች። ሁለት ሳምንት መቀስ ላይ ተኛሁ፤ ዱካኩም አልቀረ፣ አንገቴም ታመመ። ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

እንቅልፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጨርቅ አይደለም። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ በዙሩ መጨረሻ ዓይን ከቆቡ ስር ወዲያ ወዲህ የሚልበት ክፍል ይመጣል። አዘሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ሰዎች ቺካጎ ውስጥ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1953 ጻፉበት። ደማቅ ሕልም በብዛት የሚታየው እዚህ ነው፤ ወደ ንጋት ሲጠጋም እየረዘመ ይሄዳል። በሕልምህ ስትሮጥ ግድግዳውን በእግርህ እንዳትመታ፣ የአንጎል ግንድ ወደ ጡንቻ የሚወርደውን ትእዛዝ ይዘጋዋል። ዓይንና ድያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ሥራቸውን አያቆሙም። ዱካክ ማለት አንተ ነቅተህ መዝጊያው ገና ሳይከፈት ሲቀር ነው። ደረትህ የሚከብደው የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ስለላሉ፣ በረጅሙ ልተንፍስ ስትል እምቢ ስለሚሉህ ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬስ? የፍርሃቱ ክፍል፣ አሚግዳላ፣ በዚያ ሰዓት ይግላል፤ ሕልሙም ገና አላለቀም።

እንግዲህ ሲጫንህ ለመነሳት አትታገል፤ መታገል ፍርሃቱን ብቻ ያበዛዋል። ዓይንህ ይታዘዝሃልና ግራ ቀኝ አንቀሳቅሰው። ትንፋሽህን አታስረዝም፣ በራሱ ይሂድ። ከዚያ ሐሳብህን ሁሉ አንዲት የእግር ጣት ላይ ጣል። እኔ የቀኝ አውራ ጣቴን የማሽኑን ፔዳል እንደምረግጥ አድርጌ አስባለሁ። ብዙ ጊዜ ሴኮንዶች፣ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሲለቅህ ወዲያው ተመልሰህ አትተኛ፣ እዚያው ሕልም ውስጥ ልትገባ ትችላለህ። ተነስተህ ውኃ ጠጣ፣ መብራት አብራ።

ለጅማ ሰው ዋናው ነገር ጫቱ ነው፤ አንተዋወቅ ይመስል አልደባብቅም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን ያስረጫል። የሕልሙ እንቅልፍ ደግሞ ኖራድሬናሊን ዝም ሲል የሚመጣ ነው። ስለዚህ ምርቃና ላይ ያመሸ ሰው ቢተኛም ሕልሙ ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ጫቱን ያቆመ ቀን ዕዳው በአንዴ ይመጣበታል። «ጫት ተውኩና ዱካክ ገደለኝ» ብሎ በሦስተኛው ቀን ወደ በርጫ የተመለሰ ስንት ጓደኛ አለኝ! ክፉዎቹ ሌሊቶች ያልፋሉ፣ ጠብቃቸው። እኔ በአንዴ አልቻልኩም። መጀመሪያ በርጫውን ከ11 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ሳብኩት፣ ቀጥሎ ዙርባዋን ለሁለት ከፈልኳት፣ ከዚያ ተውኩ። ጨብሲ ግን መፍትሔ እንዳይመስልህ። መጠጥ የሌሊቱን የመጀመሪያ ግማሽ ሕልም ያፍናል፣ በሁለተኛው ግማሽ ይለቅብሃል።

ቡናን ተው አልልም፤ በዚህ አገር ማን ይሰማኛል? ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ በረካ ድረስ ከተቀመጥክ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስትተኛ የጠጣኸው ግማሹ ገና እየሠራ ነው። እናቴን ጀበናው 8 ሰዓት ላይ ይጣድ ብዬ ለማሳመን አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ቀን ቀን ድንገት እንቅልፍ የሚጥልህ፣ ስትስቅ ጉልበትህ የሚከዳህ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ትተህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ያ ናርኮሌፕሲ የሚባል ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

የቀረው አተኛኘት ነው። ዱካክ በጀርባው የተኛን ሰው ይወዳል። እኔ አሮጌ ቲሸርት ወስጄ፣ ጀርባው ላይ በሁለቱ ትከሻ መሃል የመዳፍ ስፋት ያላት ኪስ ሰፋሁበት፤ አፏ ወደ ላይ ሆኖ በአንድ ቁልፍ ይዘጋል። ውስጡ የተጠቀለሉ ሁለት ካልሲዎች። በጀርባህ ስትገለበጥ ይጎረብጥሃል፣ ሳትነቃ በጎንህ ትዞራለህ። ክሩን ደርበህ ስፋ፣ በነጠላ ክር የሰፋሁት በሳምንቱ ተተርትሯል። ስታጥበው ደግሞ ካልሲዎቹን አውጣ፤ በክረምት ኪሷ ውስጥ እንዳሉ ከሰጣሃቸው ሦስት ቀንም አይደርቁልህ።