ባልሽን ያለ ቦታው ሳቅ ሲይዘው

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ የሚባለው የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮች በሽታ፣ አንዳንዱን ሰው ሳያስበው ያስቀዋል ወይም ያስለቅሰዋል። በሽታው ስሜት የሚገለጽበትን የአንጎል መስመር ስለሚጎዳ ነው እንጂ ባልሽ ሰው ንቆ አይደለም። ሚስትህ ከሆነችም ያው ነው።

ደሴ ላይ ከባዱ ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እሱ ሳቅ ሲያመልጠው፣ ከማንም በላይ የሚያፍረው ራሱ ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ምልክት ተስማሙ፤ እጅሽን ጨበጥ ሲያደርግ አብራችሁ ተነስታችሁ ትወጣላችሁ፣ በቃ። በር አጠገብ ተቀመጡ። ሲጀምረው "ኧረ ተው!" አትበይው። አቀማመጡን ይቀይር፣ ትከሻውን ያላላ፣ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ለቅሬው ወይም ለእድሩ ሰዎችና ለጎረቤት ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩ፤ "ከሕመሙ ነው" ይበቃል።

ቤት ውስጥ ሲያለቅስ "ምን አደረግኩህ?" ከማለት፣ ጋብ ሲልለት "አዝነህ ነው ወይስ እንዲሁ መጣብህ?" ብለሽ ጠይቂው። ይህን ጥያቄ አትዝለይው፣ ምክንያቱም ኤምኤስ ያለበት ሰው ላይ ድብርትም ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። ለሳምንታት ከከፋው፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላው ሐኪም ይየው።

መቼ እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየ ጻፉና ለነርቭ ሐኪም አሳዩ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች በአነስተኛ መጠን ይህንን ሳቅና ለቅሶ ይቀንሱታል፤ ግን ሐኪም ሳያዝ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጀምሩ።