ከኋላ መስመር በኃይል ለሚመታ ተጫዋች፦ በፖሊስተር ገመድ ምርጫ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከኋላ መስመር ቆሞ ኳሱን አሽከርክሮ በኃይል መምታት የሚወድ የቴኒስ ተጫዋች ስለ ፖሊስተር የራኬት ገመድ መጠየቁ አይቀርም። እኛም ሐዋሳ ላይ ከጨዋታ በኋላ ቁጭ ስንል ወሬው ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይደርሳል። «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ይባላል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ብራንድ ከመጠየቁ በፊት ክንዳችሁን፣ አመታታችሁን፣ ገመዱን በየስንት ጊዜው መቀየር እንደምትችሉ ማየት ይቀድማል።

መጀመሪያ ገመዱ ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ኳሱ ራኬቱን ሲነካ ቋሚዎቹ ገመዶች ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ከዚያ ኳሱ ገና ሳይለቅ ወደ ቦታቸው ተስፈንጥረው ይመለሳሉ። ሽክርክሪት የሚጨምረው ይሄ መመለስ ነው። ፖሊስተር ገጹ ልሙጥ፣ ባሕርይውም ጠጣር ስለሆነ ከሌሎቹ በተሻለ ይንሸራተታል፣ ፈጥኖም ይመለሳል። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን እ.ኤ.አ. በ1997 ሮላን ጋሮስን (የፈረንሳይ ኦፕንን) ሲያሸንፍ በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ ነበር፤ ራኬቱ ላይ የነበረው የቤልጂየሙ ኩባንያ ሉክሲሎን ፖሊስተር ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሽናሎቹ ወደዚህ ገመድ ጎረፉ።

አመታቱ ሳይደርስ ገመዱን መቀየር

ፖሊስተር በራሱ ለኳሱ የሚሰጠው ጉልበት ትንሽ ነው። ጉልበቱን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ረጅምና ፈጣን አመታት ያለው ሰው ይሄ ይመቸዋል፤ ያለ ስጋት ሙሉ በሙሉ ይመታል፣ ኳሱም ሜዳው ውስጥ ይወድቃል። አጭር ወይም ቀስ ያለ አመታት ያለው ሰው ግን ኳሱ ሜዳው መሀል እየወደቀ ያስቸግረዋል። ከዚያ በክንዱ መግፋት ይጀምራል። ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ራሳችሁን ለመመዘን ቀላል መንገድ አለ። አሁን ያላችሁ ተራ የናይለን ገመድ በስንት ጊዜ ይበጠሳል? በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የምትበጥሱ ከሆነ ፖሊስተር ለእናንተ ነው። ወራት የሚቆይላችሁ ከሆነ ገና አያስፈልጋችሁም። ለልጆች ደግሞ ሙሉ ፖሊስተር አታስወጥሩ። ክንዳቸው ገና እያደገ ነው። ለስላሳ ገመድ ይበቃቸዋል።

የታዋቂ ተጫዋች ገመድ መቅዳት

ስፔናዊው ናዳል ለዓመታት የተጫወተው አርፒኤም ብላስት በሚባለው የባቦላት ፖሊስተር ነው፤ ውፍረቱ 1.35 ሚሊሜትር፣ ውጥረቱ (ገመዱ ራኬቱ ላይ ሲታሰር የሚሳብበት ኃይል) 25 ኪሎ አካባቢ። ይህን አንብቦ እንዳለ የሚያስወጥር አለ። የናዳልን ክንድ ግን ገመዱ ይዞት አይመጣም። ደግሞም ፌደረርና ጆኮቪች ሙሉ ፖሊስተር አልነበረም ምርጫቸው፤ ቋሚው ከከብት አንጀት የሚሠራው የተፈጥሮ ገመድ ነበር፣ ፖሊስተሩ አግድሙ ብቻ ላይ ነበር። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አዲስ የተወጠረ ራኬት ይዘው ነው የሚገቡት። እኛ ያንኑ ገመድ ለወራት ስንጫወትበት የምንጫወተው በሌላ ገመድ ነው ማለት ይቻላል።

ውጥረቱን ከኢንተርኔት መውሰድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለሐዋሳ ልጅ ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነውና።

ፖሊስተር ከናይለን ላላ ብሎ ነው የሚወጠረው። ናይለን 25 ኪሎ የሚያስወጥር ሰው ለፖሊስተር ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ይቀንስ። አብዛኛው አማተር ከ20 እስከ 24 ኪሎ መሀል የሚስማማውን ያገኛል። በፓውንድ የተጻፈ ካያችሁ 1 ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው፤ 50 ፓውንድ ማለት 23 ኪሎ ገደማ ነው። ቁጥር ስትነግሩ ኪሎ ይሁን ፓውንድ ለይታችሁ ንገሩ።

ግን ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ኳሱን ብዙ አይዘውም፤ ርቆ ይሄዳል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የተለየ ኳስ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። በተራው ኳስ ስንጫወት፣ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈው 21 ኪሎ እኛን ኳሱን ከመስመር ውጪ እያስጣለ ሊያበሳጨን ይችላል። ሌላም ነገር አለ። አየሩ ሲቀጥን ሽክርክሪቱም ኳሱን ወደ ታች የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል። የአዳማ ከፍታም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ እዚያ ያሉትም ይህን ያዩታል።

ታዲያ መፍትሔው ውጥረቱን ሰማይ ማድረስ አይደለም። ገመዱ ሲጠብቅ ክንድን ይመታል፣ መንሸራተቱም ይቀንሳል። የእኔ ምክር፦ የመምቻ ገጹ 645 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ መደበኛ ራኬት ካላችሁ በ22 ወይም 23 ኪሎ ጀምሩ። ኳሱ ካመለጠ አንድ ኪሎ ጨምሩ። ከ25 አትለፉ። በዚያም ካመለጠ ገመዱን ትታችሁ አመታታችሁን እዩ።

የመወጠሪያው ማሽን ዓይነትም ለውጥ አለው። በእጅ የሚዞረው ማሽን የተባለው ኪሎ ላይ ሲደርስ ይቆለፋል፤ ከዚያ ገመዱ ትንሽ ይላላል። በክብደት የሚስበው ግን ገመዱ እስኪያዝ መሳቡን አያቆምም። ስለዚህ ሁለት ቦታ የተወጠረ «22 ኪሎ» አንድ ላይሆን ይችላል። አንድ ወጣሪ ከተስማማችሁ ከእሱ ጋር ቆዩ። ፖሊስተርን ቀስ ብሎ እንዲስበውም ንገሩት።

እስኪበጠስ መጠበቅ

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ፖሊስተር ሳይበጠስ ይሞታል። ከተወጠረበት ሰዓት ጀምሮ ውጥረቱ እየወረደ ይሄዳል፤ ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥም ይወርዳል። ከ10 እስከ 20 ሰዓት ጨዋታ በኋላ አብዛኛው ፖሊስተር የነበረው አይደለም። ጠንካራ ስለሆነ ግን አይበጠስም፤ ሰውም «ገና ደህና ነው» ብሎ ይቀጥላል።

ምልክቶቹን እወቁ። ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ገመዱን በጣታችሁ ማስተካከል ከጀመራችሁ፣ መንሸራተቱና መመለሱ ቆሟል ማለት ነው። በዚያው አመታት ኳሱ ድንገት መርዘም ከጀመረም እንዲሁ። ስትመቱ እጃችሁ ላይ የሚሰማው ንዝረት ከደነዘዘና ከከበደም እንዲሁ።

«በየወሩ ከየት አምጥቼ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አብዛኞቻችን ገመዱን ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የምናስመጣው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለአንድ ራኬት የሚሆነውን 12 ሜትር እያስመጡ ከመቸገር፣ ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጥታችሁ 200 ሜትር ጥቅል ማስመጣት ነው። 16 ራኬት ይወጥራል፤ የአንዱ ዋጋም ይወርዳል። ሁለተኛው ድብልቅ ነው፦ ቋሚውን ፖሊስተር፣ አግድሙን ተራ ናይለን፣ ናይለኑን አንድ ኪሎ ያህል ጠበቅ አድርጎ። ሽክርክሪቱ ብዙም አይጎድልም፣ ክንዱም ያርፋል፣ ፖሊስተሩም ለሁለት ራኬት ይደርሳል። ይህም ካልሆነ በሞተ ፖሊስተር ከመጫወት በጥሩ ናይለን መጫወት እጅግ ይሻላል።

ማዕዘን ያለው ሁሉ ይሻላል ማለት

እንደ አርፒኤም ብላስትና ሶሊንኮ ሃይፐር ጂ ያሉ ገመዶች ክብ አይደሉም፤ ጎናቸው ማዕዘን አለው፣ ኳሱን ይነክሳል። ነገር ግን በቀይ አፈር ሜዳ ላይ ደቃቁ አሸዋ በገመዶቹ መሀል እየገባ ይሞርዳቸዋል፤ ማዕዘኑ ቶሎ ያልቃል። ክንዳችሁ ስስ ከሆነ እንደ ዮኔክስ ፖሊ ቱር ፕሮ ያለ ለዘብ ያለ ክብ ገመድ ብትሞክሩ ይሻላል። ውፍረቱን 1.25 ሚሊሜትር አድርጉ፤ ቶሎ የምትበጥሱ ከሆነ 1.30። ከጨዋታ በኋላ ገመዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ሕመሙን ችሎ መጫወት

የክርናችሁ የውጪ ጎን ጀበና ስታነሱ ወይም ሰው ስትጨብጡ ካመማችሁ ፖሊስተሩን በዚያው ቀን ቆርጣችሁ አውጡ። ገና አዲስ ቢሆንም፣ ብዙ ብር ቢወጣበትም። አርፋችሁ በለስላሳ ገመድ ተመለሱ። ካልተሻላችሁ ሐኪም ይየው።

ራኬቱን ፀሐይ ላይ መተው

ሙቀት ገመዱን ያላላዋል። ራኬቱን የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በተለይ አዳማ ላይ።

አንድ ገመድ ከተበጠሰ ደግሞ ሌሎቹን እዚያው ቁረጡ፤ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ ቋሚውንም አግድሙንም እያፈራረቃችሁ። አለዚያ የቀሩት ገመዶች ፍሬሙን ወደ አንድ ጎን እየሳቡ ያጣምሙታል። አዲሱ ሲወጠር ቀኑን፣ የገመዱን ዓይነትና ኪሎውን ትንሽ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ራኬቱ አንገት ላይ ለጥፉ። ሌላ ጊዜ ወጣሪው «ስንት ኪሎ ላድርግልህ?» ሲል ከዚያው ታነባላችሁ።