ቀለሙ ምንም አይደብቅላችሁም፦ ሞዴል መኪና ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመጀመሪያዋ ሞዴል መኪናዬ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያስቀመጥኳት። እንግዳ ሲመጣ "ይቺ ምነው ዞረች?" ይለኛል። "ታፍራለች" እለዋለሁ።

ዳትሰን 240ዜድ ናት። በ1971 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው፣ ቀይ ሆና ኮፈኗ ጥቁር የሆነችው። ያን ዓመት የነዳት ጀርመናዊው ኤድጋር ኸርማን ነበር። በ1973 ደግሞ ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር መህታ በዚሁ ዓይነት መኪና አሸነፈ። ፌራሪና ላምቦርጊኒ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። እኔ ይቺን የመረጥኳት እዚሁ ጎረቤት አገር አቧራና ጭቃ ላይ ስሟን የተከለች ስለሆነች ነው።

ኪቱ፣ ማለትም እቤት የሚገጣጠመው የሞዴሏ ክፍሎች ጥቅል፣ የጃፓኑ ኩባንያ የሃሰጋዋ ሥራ ነው፤ መጠኑ 1 ለ24። እውነተኛዋ መኪና 4 ሜትር ከ14 ሳንቲም ገደማ ትረዝማለች። በ24 ስታካፍሉት 17 ሳንቲም ይመጣል። ይቺን 24 ያዙልኝ፤ ብዙው ጥፋት እሷን ከመርሳት ነው የሚመጣው። ሞዴሉ ላይ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው መኪና ላይ ሁለት ሚሊ ተኩል ገደማ ማለት ነው። እንደዚያ የተቀባ መኪና መንገድ ላይ ብታዩ ሊጥ የተለሰነበት ነው የሚመስላችሁ።

"ቀለሙ ይሸፍነዋል"

የጀማሪ ሁሉ ጸሎት ይሄ ነው። የኔም ነበር።

የኪቱ ክፍሎች ፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ጀማሪ በእጁ ጠምዝዞ ይገነጥላቸዋል። ወይም በጥፍር መቁረጫ ከሥሩ ቀጭ ያደርጋል። በሁለቱም የሚተርፈው ጉድጓድ ነው። ሁለት ጊዜ ቁረጡ። መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከዚያ የቀረችውን ጉቶ በስለታም ምላጭ በስሱ። የመጨረሻዋን በብርጭቆ ወረቀት ጨርሷት።

ቀጥሎ የሻጋታ መስመር አለ። ቦዲው የተቀረጸበት ሻጋታ አንድ ወጥ አይደለም። ቁርጥራጮቹ የተጋጠሙበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይቀራል። ብዙውን ጊዜ በፓራፋንጎው ጀርባ አልፎ ወደ መስኮቱ ጥግ ይወጣል። ያልተቀባ ፕላስቲክ ላይ ዓይን አያየውም፤ ጥፍር ግን ያገኘዋል። የሚያብረቀርቅ ቀይ ሲነፋበት ከበሩ ማዶ ሆኖም ይታያል። 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ፈትጉት፤ ቀጥሎ በ1000 አለስልሱት።

ሰፈራችን አንድ አዛውንት ባትላሜራ አሉ። ያቺን የመጀመሪያዋን መኪና ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። ብርሃን ላይ አዘንብለው አዩዋት።

"ስቱኮው የታለ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መጫወቻ እኮ ናት።"

"መጫወቻም ብትሆን የሚያበራ ቀለም ነው የቀባሃት። የሚያበራ ነገር ጉድ ያወጣል እንጂ መች ይሸፍናል?"

ትክክል ናቸው። ቀለም ቀቢ የሚባለው ሙያ ሦስት አራተኛው ፍተጋ ነው። በእውነተኛው መኪና እንደዚያ ከሆነ በ17 ሳንቲሟም ያው ነው። ፕላስቲኩ የሰረገደበት ቦታ ካለ የሞዴል ስቱኮ ቀብታችሁ ስትደርቅ ፈትጉ። የበርና የኮፈን መስመሮችንም አስቡ። ቀጫጭን ናቸው፤ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋው መነሻ)፣ ቀለምና ክሊር (ከላይ የሚነፋው ቀለም አልባ ማብሪያ) ሲደራረብባቸው ይሞላሉ። ከቀለም በፊት በመርፌ ጫፍ ወይም በምላጭ ጀርባ ደጋግማችሁ ቀስ እያላችሁ አጥልቋቸው። በኋላ ማጥለቅ ቀለሙን መቧጨር ነው።

ቦዲውን ሻንሲው ላይ ሳይቀቡ ገጥሞ ማየትም የሚዘለል ነገር ነው። እኔ ዘልዬዋለሁ። ከተቀባ በኋላ ለማስገባት ቦዲውን ከፈት አድርጌ ስጫን፣ ጎኑ ላይ ያለው ቀለም ተሰነጠቀ። አሁን ከቀለም በፊት በወረቀት ፕላስተር አያይዤ ጎማዎቹ ፓራፋንጎው መሃል መቀመጣቸውን ሳላይ አልነካትም።

በመጨረሻ እጠቡት። ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ከሻጋታው እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት አለ። እሱ ያለበት ቦታ ላይ ቀለም አይዝም። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣታችን ወዝም ያው ቅባት ነው።

ያገኙትን ስፕሬይ መንፋት

የመጀመሪያዋን መኪናዬን የበላት ይሄ ነው። ኪቱን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ አመጣችልኝ። ቀለሙን ግን ልታመጣ አትችልም ነበር። ስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በእጅም ሆነ በሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ቀጭኑ የሞዴል ማጣበቂያም እንዲሁ። ስለዚህ ዘመድን "ቀለሙንም ጨምሪበት" ብላችሁ አታስጨንቁ፤ ኤርፖርት ነው የሚቀረው።

እኔም ከአንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ቀይ ስፕሬይ ገዛሁ። ለብረት የተሠራ ቀለም ነው። የሞዴሏ ቦዲ ግን ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ኃይለኛ ቲነር ሲነካው ይለሰልሳል። ነፋሁባት። ለአንድ ደቂቃ ያህል በሕይወቴ ያየሁት ምርጥ ቀይ ነበር። ከዚያ ጣሪያዋ ላይ ዝናብ የራቀው መሬት የመሰለ ስንጥቅጥቅ ወጣ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ፍሬን ዘይት ውስጥ ዘፈዘፍኳት፤ ሞዴል ሠሪዎች ቀለም ለመላጥ የሚጠቀሙበት የቆየ ዘዴ ነው። ይህን ካደረጋችሁ ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ፕላስቲኩንም ረስታችሁ አታሳድሩት። ቀለሙ ለቀቀ። ስንጥቁ ግን ፕላስቲኩ ላይ ስለነበር የትም አልሄደም።

ለፕላስቲክ ሞዴል ተብሎ የተሠራ ቀለም ካገኛችሁ እሱን ያዙ። እዚህም ቢሆን የጣሳውን ፊደል አንብቡ። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ "ቲኤስ" እና "ፒኤስ" የሚባሉ ሁለት ዓይነት ስፕሬዮች አሉት። ቲኤስ ለእንዲህ ዓይነት ኪት ነው። ፒኤስ ለሪሞት መኪናዎች ብርሃን አስተላላፊ ፖሊካርቦኔት ቦዲ ነው፤ ፖሊስታይሪን ላይ አይነፋም። ጣሳዎቹ ይመሳሰላሉ፤ በስህተት የገዛ ሰው ብዙ ነው።

የመኪና ቀለም ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ መጀመሪያ የሞዴል ፕራይመር ንፉና በደንብ ይድረቅ። ቀለሙን እንደ ካፊያ ብን እያደረጋችሁ በስሱ ደራርቡ። ከሁሉ በፊት ግን ሞክሩት። ክፍሎቹን የቆረጣችሁበትን ፍሬም አትጣሉ። ያው ፕላስቲክ ነው፤ ቢበላ አያሳዝንም።

የፕራይመሩ ቀለምም ዋጋ አለው። ቀይ ቀለም ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። በነጭ ላይ ይፈካል፣ በግራጫ ላይ ይጨልማል።

በአንድ ዙር ለመጨረስ መሞከር

ከሚያስፈልገው በላይ ቀለም የሚነፋው ሰው ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ዙር ያስጠላዋል። ጭጋግ የመሰለ፣ ፕላስቲኩን በቅጡ ያልሸፈነ ነገር ነው። እጁ አያርፍም፤ ይደግማል፣ ይደግማል። ከዚያ በሩ ላይ እንባ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ዙር ሊያስጠላ ይገባል። ሥራው መሸፈን አይደለም፤ ቀጣዩ የሚይዝበት መሠረት መሆን ነው። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩና ሁለተኛውን ንፉ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። የመጨረሻው ብቻ ትንሽ እርጥብ ይሁን።

ጣሳውን 20 ሳንቲም ያህል አርቁ። መንፋት የምትጀምሩት መኪናው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ነው፤ የምታቆሙትም ካለፋችሁ በኋላ። ጀማሪ መኪናዋ ላይ ይጀምራል፣ መኪናዋ ላይ ያቆማል። ጣሳው ሲከፈትና ሲዘጋ ደግሞ ጠብታ ይተፋል። ከመንፋታችሁ በፊት ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብታቆሙት ቀለሙ ደቅቆ ይወጣል። ለብ ያለ ነው ያልኩት። የፈላ ውሃ ወይም ምድጃ አጠገብ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል።

በክረምት ሐምሌ ላይ ዝናብ እየዘነበ አትንፉ። አየሩ እርጥበት ሲበዛው ቀለሙ ሲደርቅ ውሃ ይይዝና ነጭ ጉም ይለብሳል። ክሊር ላይ ሲሆን ያስለቅሳል። ጠዋት ፀሐይ የወጣ ቀን ጠብቁ።

ደግሞ ቡና በሚፈላበት ቤት ስፕሬይ አይነፋም። ከሰሉ ፍም ነው፣ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። በረንዳ ውጡ፣ ማስክ አድርጉ። እናቴ ይህንን የነገረችኝ ረከቦቱን አንስታ ነው፤ ድምጿን እዚህ መጻፍ አልችልም።

ቅደም ተከተል ማምታታት

የሳፋሪዋ ኮፈን ጥቁር የሆነው ለጌጥ አይደለም። ፀሐይ አንጸባርቃ የነጂውን ዓይን እንዳትወጋ ነው። ስለዚህ ማብራት የለበትም። እኔ ግን ቀዩንም ጥቁሩንም ቀባሁና ሁሉንም በአንድነት በክሊር አለበስኩት። ኮፈኑ እንደ ፒያኖ አበራ።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ቀዩን ጨርሱ፣ ክሊሩን ንፉ፣ ፖሊሽ አድርጉ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ሸፍናችሁ ማት (የማያበራውን) ጥቁሩን በመጨረሻ ንፉ። ስትሸፍኑ የፕላስተሩን ጠርዝ በስቴኪኒ ጫን ጫን አድርጉት። ከተነፋ በኋላ ቀለሙ ድንጋይ እስኪሆን ሳትጠብቁ፣ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፋችሁ በዝግታ አንሱት።

ሌላው የቀለም ዓይነት ነው። ቀለም ቀቢዎቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ዘይት ቀለም ላይ ኒትሮ (በኃይለኛ ቲነር የሚቀጥነውን ቀለም) ከነፋችሁ ይሸበሸባል። በሞዴልም ሕጉ አንድ ነው። ኃይለኛው ከሥር፣ ለስላሳው ከላይ።

ደርቋል ብሎ መንካት

አፍንጫችሁን አስጠጉ። ከሸተተ አልደረቀም። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ከያዛችሁት የጣት አሻራችሁ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ታትሞ ይቀራል። ፖሊሽ ለማድረግ እኔ ሳምንት እጠብቃለሁ። ከዚያ 2000 እና 3000 ቁጥር ወረቀት በውሃ፣ ቀጥሎ ኮምፓውንድ፣ ማለትም የማብሪያ ቅባት። የበርና የፓራፋንጎ ጠርዞችን ተዉአቸው። ቀለም ከሹል ቦታ ይሸሻል፤ ሁለቴ ስትፈትጉት ከሥሩ ያለው ፕራይመር ብቅ ይላል።

ሱፐር ግሉ መስታወት ላይ

አትሞክሩት። ትነቱ ብቻ መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ አይታይም፣ የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። ክሮም የተለበጡ ክፍሎችን ስታጣብቁ ደግሞ የሚጋጠመውን ቦታ ፋቁት። የሞዴል ማጣበቂያ የሚሠራው ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው፤ ክሮሙ ካለ ፕላስቲኩ ጋ አይደርስም።

በውሃ የሚለጠፉት ቁጥሮችና ጽሑፎች የሚያበራ ገጽ ይፈልጋሉ። ማት ላይ ከለጠፋችሁ ሥራቸው አየር ይገባና ብርማ ይሆናሉ። በወረንጦ ጎትታችሁ አታንሱ፤ ወረቀቱ ላይ በራሳቸው እስኪንሸራተቱ ጠብቁ። ክሊር ከላያቸው ስትነፉ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ብናኝ ብቻ ይሁኑ፤ እርጥብ ከሆነ ያኮማትራቸዋል።

ጭቃ ማብዛት

ይሄ የግል ቅሬታዬ ነው። ሰው የሳፋሪ መኪና ሲሠራ ጭቃ ያበዛባታል። እንደ ሽሮ የወፈረ ነገር በሩ ላይ ይለጥፋል። ያቺን 24 አስታውሱ። ሞዴሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ጓል፣ በእውነተኛው ላይ ከ1 ሳንቲም በላይ የሆነ የጭቃ ክምር ነው። የድሮ የውድድር ፎቶዎችን እዩ። አቧራው ስስ ሆኖ ከጎማዎቹ በስተኋላ፣ በበሮቹ ግርጌና በኋላ መስታወቱ ዙሪያ ነው የሚተኛው። የፊት መስታወቱ ላይ መጥረጊያው የጠረገው ቦታ ንጹሕ ነው። ቡናማ ፓስቴል ጠመኔ ፍቃችሁ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አስነኩ። በዛ ካላችሁ እፍ በሉት።

ሁለተኛዋ ዳትሰኔ እንዲህ ነው የተሠራችው። የኋላ ፓራውልቷ ሥር አንዲት ያልፈተግኳት የሻጋታ መስመር አለች። ባትላሜራው አዛውንት በሁለት ሴኮንድ አገኟት።